«ሁሉም ወጥቷል» ከተባለ በኋላ የሚመለስ ሕመም

በሰው ቤት የሠራች እህት የቤቱን ድመት ጠባይ ከባለቤቷ ይልቅ ታውቀዋለች። ምግቧን የምትሰጣት፣ አሸዋዋን የምትቀይርላት፣ ሌሊት ስትጮኽ ተነሥታ የምታያት እሷ ናት። ስለዚህ ይህን ታሪክ ያየችው ብዙ ናት፦ መዳም ድመቷን ወደ እንስሳት ሐኪም ትወስዳለች። ድመቷ ሆዷ ተላጭቶና ተሰፍቶ ትመለሳለች። «ከእንግዲህ አትወልድም፣ ወንድም አትፈልግም» ይባላል። ጥቂት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ሌሊት ድመቷ እንደ ሕፃን ማልቀስ ትጀምራለች። ምንጣፉ ላይ ትንከባለላለች፣ ወገቧን ዝቅ አድርጋ ኋላዋን ከፍ ታደርጋለች፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ለመውጣት ትሽቀዳደማለች። የሰፈሩ ወንድ ድመቶችም ግንቡ ላይ ይሰለፋሉ።

መዳም ትናደዳለች። «ዶክተሩ ምን ሠራ?» ትላለች። አንዳንዴም ጥያቄው ወደ ሠራተኛዋ ይዞራል፦ «ምን አበላሻት? ምን አበላሻችኋት?»

ማንም አላበላሻትም። ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ ከእንቁላል ማምረቻዋ ትንሽ ቁራጭ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ያቺ ቁራጭ ደም አግኝታ እንደገና ሥራ ጀምራለች። የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል፣ ምርመራም መድኃኒትም አለው።

ይህንን የምንነግራችሁ ለድመቷ ስንል ብቻ አይደለም። ይኸው ነገር በሴቶችም ላይ ይደርሳል። ሁለቱም የእንቁላል ማምረቻዎቿ ወጥተዋል የተባለች ሴት ሕመሙ ሊመለስባት ይችላል፤ ሕመሙም እውነተኛ ነው። ግን ድመቷን ሐኪም ዘንድ የሚወስዳት ባለቤት አላት። በሳምጣ፣ በሳብያ፣ በአቡ ዐሪሽ ወይም በተራራው ላይ በሀሩብ ቤት የምትሠራ እህት ግን ሕመሟን ራሷ መናገር አለባት። ለመናገር ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለት የለውዝ ፍሬ የሚያህሉ

በማህፀን ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። እያንዳንዳቸው በርዝመት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ሐኪሞች ኦቫሪ ይሏቸዋል። በዐረብኛ አንዱ «መቢድ» ሲሆን ሲበዛ «መባይድ» ይባላል። ማህፀን ደግሞ «ረሕም» ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት ለይቶ ማወቅ ብዙ ነገር ያድናል፤ ምክንያቱም ሐኪሙ አንዱን ሲናገር እኛ ሌላውን ልንሰማ እንችላለን።

ኦቫሪ ሁለት ሥራ አለው። በየወሩ እንቁላል ያወጣል። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉ ሆርሞኖችንም ወደ ደም ይለቃል። የወር አበባ የሚመጣው፣ አጥንት የሚጠነክረው፣ ሴት ልጅ ዕድሜዋ እስኪደርስ ድረስ የማታርጠው በእነዚህ ሆርሞኖች ነው። ሁለቱም ኦቫሪዎች በቀዶ ሕክምና ከወጡ ሴቲቱ በ25 ዓመቷም ቢሆን ወዲያው ታርጣለች። በድንገት ሰውነቷን ሙቀት ሽው ይልባታል፣ ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፣ እንቅልፍ ይነሳታል፣ የወር አበባዋም ይቆማል።

ስለዚህ ሁለቱም ወጥተውላታል የተባለች ወጣት ሴት ይህ ሁሉ ካልደረሰባት፣ በዚያ ላይ ደግሞ በየወሩ ሆዷን የሚቆርጣት ከሆነ፣ አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት፦ በእርግጥ ሁሉም ወጥቷል?

ቁራጭ እንዴት ይተርፋል?

በድመትና በውሻ ላይ ምክንያቱ ቀላል ነው። ኦቫሪው ከጎድን አጥንት በታች ጠለቅ ብሎ በስብ ተሸፍኖ ይገኛል። ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ሲያወጣው ጠርዙ ሊቀር፣ ወይም ቁራጩ ከእጁ አምልጦ ሆድ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። በተለይ የቀኙ ኦቫሪ ወደ ፊት ራቅ ብሎ ስለሚገኝ ለመድረስ ያስቸግራል።

የወደቀ ቁራጭ ይሞታል እንጂ እንዴት ይኖራል ትሉ ይሆናል። ተመራማሪዎችም ይህንኑ ጠይቀዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በድመቶች ሆድ ውስጥ ልቅ የተተወ የኦቫሪ ቁራጭ ከአካባቢው አዲስ የደም ሥር አብቅሎ ሊኖር እንደሚችል አሳይቷል። በአውስትራሊያ የከብት እርባታዎች ደግሞ ጊደሮችን ለማምከን ኦቫሪውን ቆርጦ እዚያው ሆድ ውስጥ ጥሎ የመተው ዘዴ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የተጣለው ሞቶ ይቀራል። ሥጋው ግን ግትር ነው፤ የሚያጣብቀውና ደም የሚሰጠው ቦታ ካገኘ ሊነሣ ይችላል። በአገራችን ገጠር ላም አይመክንም፣ የሚኮላሸው በሬ ነው። አባቶቻችን ግን መሠረቱን ያውቁታል፤ በደንብ ያልተኮላሸ ወይፈን ከመንጋው መሐል ኮርማነቱን አይተውም።

በሴት ላይ የሚደርሰው በሐኪም ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት ውስጡ አስቀድሞ መበላሸቱ ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ በሚባለው በሽታ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋንን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ በየወሩ እየደማ አካላትን እርስ በርስ ያጣብቃል። ካለፈ ቀዶ ሕክምና የተረፈ ጠባሳም ያጣብቃል። የፈነዳ ትርፍ አንጀትም እንዲሁ። ሳይታከም የቆየ የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽንም ያጣብቃል። ኦቫሪው ከአንጀት፣ ከዳሌ ግድግዳ ወይም ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ ከሚወስደው ቀጭን ቱቦ ጋር ሲጣበቅ፣ ቀዳጁ ያንን ቱቦ እንዳይቆርጥ ፈርቶ ጠርዙን ሊተው ይችላል። ደም ሲበዛም የሚታየው ያንሳል።

እዚህ ላይ በሹክሹክታ የሚወራ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ብዙ እህቶች ወደ ጂዛን የመጡት በጅቡቲ ወይም በቦሳሶ አድርገው፣ ባሕር ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው ነው። በዚያ መንገድ ላይ ጥቃት የደረሰባቸው አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣ ፈሳሽ፣ ትኩሳትና የታችኛው ሆድ ሕመም ሳይታከም ከቆየ ውስጡን ሊያጣብቅ ይችላል። ይህ የእህት ጥፋት አይደለም። ለሐኪም ማፈርም አያስፈልግም፤ «ከዓመታት በፊት ኢንፌክሽን ነበረብኝ» ማለት ብቻውን ይበቃል። እንዴት እንደመጣ ማስረዳት ግዴታሽ አይደለም።

ይህ ችግር በሴቶች ላይ የራሱን ስም አግኝቶ በሕክምና መጽሔት የተጻፈው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ኦቫሪ የማውጣት ቀዶ ሕክምና ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል፤ በ1809 በአሜሪካ ኬንታኪ ኤፍሬም ማክዳውል የተባለ ሐኪም ያለ ማደንዘዣ አድርጎታል። በመካከሉ ባሉት 160 ዓመታት «ወጥቶልሻል፣ አያምሽም» የተባሉ ስንት ሴቶች እንዳለፉ ፈጣሪ ያውቃል።

ምልክቶቹ

ሕመሙ በታችኛው ሆድ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ይሆናል። በአንዳንዶች ላይ እንደ ወር አበባ ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል ይሄዳል፤ በሌሎች ላይ ሳያቋርጥ ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ይጀምራል፣ ዘግይቶ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦

ሁለቱም ኦቫሪ ከወጣ በኋላ ሙቀት ሽው ማለትና ላብ አለመምጣቱ፣ ወይም መጥቶ በራሱ ጊዜ መጥፋቱ። ማህፀኑ ካልወጣ የወር አበባ መመለሱ። በግንኙነት ጊዜ ጠለቅ ብሎ የሚያም ሕመም። ሰገራ ወይም ሽንት ሲወጣ ማመም። ከጎድን በታች ወደ ወገብ የሚሄድ ሕመም፤ ይህ ቁራጩ ወይም በላዩ ያደገ ውኃ የቋጠረ እጢ የሽንት ቱቦውን ሲጫነው ይመጣል፤ ከቆየ ኩላሊትን ይጎዳል።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ሕመም ብዙ ስም አለው። «ብርድ ነው» ይባላል፣ «ምች ነው» ይባላል፣ አንዳንዴም «ዓይነ ጥላ» ወይም «ሰው ያደረገብኝ ነው» ይባላል። መዳም ቤት ደግሞ «ከስላና» ይባላል፣ ሰነፍ። ጠበሉም ዱዓውም የማንም መብት ነው፤ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን በየወሩ አንድ ቦታ የሚያም ሕመም በሶናር የሚታይ፣ በደም የሚለካ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በየቀኑ በናዶል እየዋጡ ዕቃ ማጠብ ሕክምና አይደለም።

በመጀመሪያ ምን እንደወጣ ይታወቅ

አንዲት እህት እንውሰድ፤ እንደ ምሳሌ እንጂ የአንዲት ሰው ታሪክ አይደለም። ሆዷን አሟት ሆስፒታል ተወሰደች። ሐኪሙ ከመዳም ጋር በዐረብኛ ተነጋገረ። እሷ ወረቀት ላይ ፈረመች። ስትነቃ መዳም «ኸላስ፣ ኩሉ ሻሉ» አለቻት፤ ሁሉንም አውጥተውታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመሙ ተመለሰ። አሁን ሌላ ሐኪም «ምን ነበር የወጣልሽ?» ሲላት መልሷ «ሁሉም» ነው።

«ሁሉም» ግን ከአራት የተለያዩ ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ውጤታቸውም ፈጽሞ አይመሳሰልም።

የመጀመሪያው፣ ከኦቫሪው ላይ ውኃ የቋጠረው እጢ ብቻ ወጥቶ ኦቫሪው ቀርቶ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የወር አበባ ይቀጥላል፣ መውለድም ይቻላል፣ እጢው ደግሞ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው፣ አንድ ኦቫሪ ብቻ ወጥቶ ይሆናል። የቀረው የሁለቱን ሥራ ይሠራል፤ መውለድም ይቻላል። ብዙ እህቶች በዚህ ምክንያት «መካን ሆኛለሁ» ብለው እጮኛቸውን የተዉበት ጊዜ አለ፤ መካን አልነበሩም። ሦስተኛው፣ ማህፀን ብቻ ወጥቶ ኦቫሪዎቹ ቀርተው ይሆናል። የወር አበባ አይመጣም፣ ነገር ግን ኦቫሪዎቹ ይሠራሉ፣ በየወሩም ሊያሙ ይችላሉ። ይህ የተረፈ ቁራጭ አይደለም፤ ሆነ ተብሎ የተተወ ነው። አራተኛው፣ ሁለቱም ኦቫሪዎች ወጥተዋል የተባለበት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ችግር የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ወረቀቱ ነው። ቀዶ ሕክምና በተደረገ ቁጥር ሁለት ነገሮች ይጻፋሉ። አንዱ ቀዳጁ ምን እንዳየ፣ ምን እንዳወጣ፣ ምን እንዳስቸገረው የሚጽፍበት የቀዶ ሕክምና ዘገባ ነው። በዐረብኛ «ተቅሪር አል-ዐመሊያ» ይባላል። ሌላው የወጣው ሥጋ በአጉሊ መነጽር ታይቶ የተጻፈበት የላቦራቶሪ ውጤት ሲሆን «ተቅሪር አል-አንሲጃ» ይባላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስተማምናል፤ ላቦራቶሪው «የደረሰኝ አንድ ኦቫሪ ነው» ካለ አንድ ነው።

ሕመምተኛ የሕክምና ዘገባዋን የመጠየቅ መብት አላት። ለመጠየቅ ብዙ ዐረብኛ አያስፈልግም፦ «ለው ሰመሕት፣ አብጋ ተቅሪር አል-ዐመሊያ»፤ እባክህ፣ የቀዶ ሕክምናውን ዘገባ እፈልጋለሁ። ሐኪሙን መጠየቅ ከተቻለም፦ «ኤሽ ሺልቱ? መቢድ ዋሒድ ወላ ኢትኔን? ወር-ረሕም?»፤ ምን አወጣችሁ? ኦቫሪ አንድ ነው ሁለት? ማህፀኑስ?

ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጠየቅ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። በሳዑዲ ዐረቢያ የጤና ሙያ ሕግ መሠረት ሕይወትን ለማዳን የሚደረግ ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር ያለ ታካሚው ፈቃድ ሰውነት አይነካም። ፈቃዱ ያንቺ ነው፤ የመዳም አይደለም። የምትፈርሚው ወረቀት ካልገባሽ «ሙተርጂም» (አስተርጓሚ) ብለሽ ጠይቂ፤ ከሌለ አማርኛና ዐረብኛ የምታውቅ እህት በስልክ ትስማልሽ።

እንዴት ይመረመራል?

በድመቷ እንጀምር። የእንስሳት ሐኪሙ ድመቷ ወንድ በፈለገችበት ቀን እንድትመጣ ይፈልጋል፤ ሆርሞኑ ያን ጊዜ ከፍ ይላልና። ከብልቷ በጥጥ ጥቂት ሕዋስ ወስዶ በአጉሊ መነጽር ያያል፤ ኢስትሮጅን ካለ የሕዋሶቹ ቅርጽ ይለወጣል። ወይም እንቁላል የሚያስወጣ መርፌ ሰጥቶ ከሳምንት በኋላ በደሟ ፕሮጄስትሮን ይለካል። ኦቫሪ ብቻ የሚያመነጨውን ሆርሞን በደም የሚፈልግ ምርመራም አለ። ስለዚህ መዳም «ድመቷ ጮኸች» ስትል ቀኑን ጽፈሽ፣ በስልክሽም ቀርፀሽ ብታሳያት ለሐኪሙ ትልቅ ማስረጃ ነው። ጥፋቱም ያንቺ አለመሆኑ በዚያው ይታያል።

በሴትም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያ ታሪኳ ይጠየቃል፣ ወረቀቷ ይታያል። ቀጥሎ ደም ይወሰዳል። የዚህ ምርመራ ምሥጢር ቀላል ነው። በአንጎል ሥር ያለ ዕጢ ኤፍ.ኤስ.ኤች. በሚባል ሆርሞን ኦቫሪን «ሥሪ» እያለ ይጠራል። ኦቫሪ መልስ ከሰጠ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መልስ ካጣ ግን፣ ደወሏን ደውላ ማንም እንዳልመጣላት መዳም፣ እየጮኸ ይጠራል። ስለዚህ ሁለቱም ኦቫሪዎች በእርግጥ ከወጡ ኤፍ.ኤስ.ኤች. ከፍ ብሎ ኢስትሮጅን ዝቅ ይላል። ኤፍ.ኤስ.ኤች. ዝቅ ብሎ ኢስትሮጅን ከተገኘ ግን አንድ የሚመልስ ኦቫሪ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የሆርሞን ክኒን ወይም መርፌ የምትወስድ ሴት ለሐኪሙ አስቀድማ መንገር አለባት፤ ከፋርማሲ ለራሷ የገዛችውንም ቢሆን። ያለዚያ ውጤቱ ያሳስታል። ሁለተኛ፣ ቁራጩ በጣም ትንሽ ከሆነ የደም ምርመራው «አርጣለች» ሊል ይችላል። ስለዚህ ደሙ «ምንም የለም» ቢልም ሕመሙ ከቀጠለ ምርመራው አልተጨረሰም።

ከዚያ ሶናር ይመጣል፣ በተለይ በብልት በኩል የሚደረገው። ያላገባች ልጅ ከሆነች ይህን ለሐኪሟ ትናገር፤ በሆድ በኩል ወይም በሌላ መንገድ ይደረግላታል። ሶናሩ ካልለየው ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል። አንዳንዴ ሐኪሞች ክሎሚፌን የሚባል ኦቫሪን የሚያነቃቃ ክኒን ለጥቂት ቀናት ሰጥተው ሶናሩን ይደግሙታል፤ የተደበቀችው ቁራጭ አብጣ ትታያለች። ኩላሊት የተጫነ ከመሰላቸው የሽንት ቱቦውን በምስል ይመለከታሉ።

ሕክምናው

ለድመቷ ሕክምናው እንደገና ተከፍታ ቁራጩን ማውጣት ነው። ሐኪሙ ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ወይም ከዚያ ጥቂት በኋላ መክፈትን ይመርጣል፤ ቁራጩ ያን ጊዜ ያብጣል፣ በቀላሉም ይታያል። ዝም ከተባለ ድመቷ ከመጮህ በላይ ችግር ሊደርስባት ይችላል፤ የማህፀኗ ጉቶ ካለ መግል ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ «ልማዷ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ለሴት መንገዱ ሁለት ነው። ሕመም ያለባት፣ እጢ የታየባት ወይም ኩላሊቷ የተጫነባት ሴት ዋናው ሕክምናዋ ቀዶ ነው። ይህ ቀዶ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ቁራጩ ከሽንት ቱቦ፣ ከአንጀትና ከደም ሥር ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ፣ ቀዳጁ መጀመሪያ ቱቦውን ነጻ አውጥቶ ካየው በኋላ ነው ቁራጩን ከነዙሪያው የሚያወጣው። በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ሊሠራ ይችላል፣ በሰፊው ተከፍቶም ሊሠራ ይችላል። የሚሠራው ግን ልምድ ያለው የማህፀን ቀዳጅ ነው። የወጣው ሥጋ ለላቦራቶሪ ይላካል፤ ኦቫሪ እንደነበረ የሚያረጋግጠውም እሱ ነው። በዚህ ቁራጭ ላይ ካንሰር የተነሣበት ጊዜ ቢኖርም ጥቂት ነው፤ ይህም የላቦራቶሪው ወረቀት የማይዘለልበት ሌላ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መንገድ መድኃኒት ነው። ቀዶውን የማትፈልግ፣ ለቀዶ የማትሆን ወይም ዕድሜዋ ለማረጥ የቀረበ ሴት በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚሰጥ ኦቫሪን የሚያስተኛ መርፌ ልታገኝ ትችላለች። ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒትም አለ። መድኃኒቱ ቁራጩን ያስተኛል እንጂ አያወጣውም፤ ሲቆም ሕመሙ ሊመለስ ይችላል።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ወጣት ሴት በእርግጥ ታርጣለች። ሙቀቱም እንቅልፍ ማጣቱም ይመጣል፣ አጥንትም ይሳሳል። የሆርሞን ምትክ እንደሚያስፈልጋት ከሐኪሟ ጋር ትመካከር። ይህ ሁኔታ ሴትነትን አይወስድም፤ ሰውነት ያጣውን በመድኃኒት መተካት ይቻላል።

ጂዛን ላይ ያለች እህት ወዴት ትሂድ?

በተራራማው የጂዛን ክፍል ሀሩብ የሚባል አውራጃ አለ። ስሙ በዐረብኛ ሲጻፍ «ሸሸች» ተብላ በአሠሪዋ የምትመዘገብ ሠራተኛ ከሚሰጣት ቃል ጋር በፊደል አንድ ነው። በዚያ አውራጃ ከነ ኢቃማዋ የምትሠራ እህት አለች፤ በሳምጣ ገበያ ደግሞ ሀሩብ ተብላ የተመዘገበች እህት አለች። ሁለቱም ሊታመሙ ይችላሉ። በሩ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ኢቃማ ያላት ሠራተኛ ሕክምናዋ የአሠሪዋ ኃላፊነት ነው። የቤት ሠራተኞች ደንብ ሐኪም በሰጠው ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣታል። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያለው አሠሪ የጤና መድን እንዲገዛላቸው ግዴታ ሆኗል። አቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ከሳምጣ፣ ከሳብያና ከአቡ ዐሪሽ ሆስፒታሎች ተጀምሮ፣ የከበደው ጉዳይ ወደ ንጉሥ ፋህድ ማዕከላዊ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። የጤና ሚኒስቴሩ የምክር ስልክ 937 ነው።

ሀሩብ የሆነች እህት ፍርሃቷ ሌላ ነው፤ ሆስፒታል ብሄድ ወደ እስር እሄዳለሁ ትላለች። ይህን ፍርሃት አናቃልልም፤ የወረቀት ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ ድንገተኛ ሕመም ከገንዘብና ከወረቀት በፊት እንዲታከም የአገሪቱ የግል ጤና ተቋማት ሕግ ያዛል። በኮሮና ጊዜም፣ በማርች 2020 እ.ኤ.አ.፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውም ጭምር በነጻ እንዲታከሙ ንጉሣዊ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ድንገት እንደ ቢላ የሚወጋ የሆድ ሕመም ከማስታወክ ጋር፣ ትኩሳት ከሆድ ሕመም ጋር፣ ራስን መሳት፣ የማይቆም ደም፣ ወይም የወገብ ሕመም ከሽንት ማነስ ጋር ከመጣ ቤት አይታደርም። አምቡላንስ 997 ነው። ፍርሃት ከሞት አይበልጥም። ለወረቀቱ ጉዳይ ደግሞ በጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ከመታመም በፊት ስልኩን ይዞ መገኘት ይሻላል።

ወረቀቱን አትጣይው

ከኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት ወገኖቻችን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። አብዛኞቹ በለበሱት ልብስ ነው ቦሌ የወረዱት። ሻንጣ ቀረ፣ ወርቅ ቀረ፣ ስልክ ቀረ። ከቀሩት ነገሮች መካከል ማንም ያልቆጠረው የሕክምና ወረቀት ነው።

አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት፣ ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የምትሄድ ተመላሽ እህት የማህፀን ስፔሻሊስት ታገኛለች። ስፔሻሊስቱም የመጀመሪያ ጥያቄው ያው ነው፦ «ምን ነበር የወጣልሽ?» ወረቀቱ ካለ ሥራው ከግማሹ ይጀምራል። ከሌለ ሆዷን እንደገና በጭፍን መፈለግ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የሚደረግ አንድ ነገር አለ። በዚህ አገር ቀዶ ሕክምና የተደረገልሽ ከሆነ ወረቀቱን ጠይቂ። ስታገኚው ሁሉንም ገጽ ፎቶ አንሺና ለራስሽ በቴሌግራም ላኪው። አንዱን ደግሞ አገር ቤት ላለች እህትሽ በኢሞ ላኪላት። ስልክ ይጠፋል፣ ሻንጣ ይቀራል፤ የተላከ ፎቶ ግን ይቆያል። አጠገብሽ በየወሩ ሆዷን ይዛ የምትቀመጥ፣ «ሁሉንም አውጥተውልኛል፣ ሌላ ነገር ነው» የምትል እህት ካለች ደግሞ ይህን አንብቢላት። ለድመቷ ሁለተኛ ምርመራ ካለ፣ ለእሷም አለ።